ደሴ ላለችው እኅታችን ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

የእኅቴ ልጅ «ኮምቦልቻ ምግብ ቤት ትቀጠሪያለሽ» ተብላ በሰፈራችን ደላላ ስትወሰድ ገና 15 ዓመቷ ነበር። የጠበቃት ሥራ ሳይሆን ሌሊት ሌሊት ለወንዶች የምትሸጥበት መጠጥ ቤት ሆነ። ፖሊስ ካወጣት በኋላ ደሴ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ድጋፍ በሚተዳደር የልጃገረዶች መጠለያ ዘጠኝ ወር ቆይታ ዘንድሮ ወደ ትምህርቷ ስለተመለሰች፣ በዚያ የተንከባከበቻትን እኅት በአደባባይ ላመሰግን እወዳለሁ። ስሟንም ሆነ የመጠለያውን አድራሻ የማልጽፈው ልጆቹን ፍለጋ የሚመጡ ደላሎች ስላሉ ነው።

እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ልጃችን በቤተ ክርስቲያን ሰዎች እጅ መግባቷን ስሰማ ሃይማኖቷን ያስለውጧት ይሆን ብዬ መስጋቴን አልደብቅም። ይህች እኅት ግን በመጀመሪያው ቀን ለብቻዬ ጠርታ፣ ልጅቷ በግድ ብዙ ነገር ስለተደረገባት ጸሎትንም ቢሆን በግድ እንደማታስጀምራት ነገረችኝ። ረመዳን ሲገባ ለሱሑር የምትቀሰቅሳትና ምግቧን የምታሞቅላት እርሷው ነበረች።

ያ መጠጥ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ዕጣን ይጨስበት ነበርና፣ መጠለያው ውስጥ ቡና ተፈልቶ ዕጣን ሲጨስ ልጅቷ ሲኒዋን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር። ይህን ያስተዋለችው እርሷ ብቻ ናት፤ ምንም ሳትጠይቃት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናው ያለ ጭስ እንዲፈላ አደረገች። የወሎን ቡና ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅቷ ምክንያቱን በራሷ አንደበት የነገረቻት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ሕክምናውም፣ ምክሩም፣ የስፌት ሥልጠናውም አልተጓደለባትም። እኛን ከሁሉ በላይ የጠቀመችን ግን የደላላው ዘመዶች ሽማግሌ በላኩ ጊዜ ነው። ከቤተሰባችን ግማሹ ካሳ ተቀብሎ ለመተው ተስማምቶ ነበር፤ «ወዳ ነው የሄደችው» የሚልም አልጠፋም። እርሷ በሰው መነገድ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል መሆኑን፣ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ «ተስማምታ ነው» መባሉም ወሳጁን ነፃ እንደማያወጣው በእርጋታ አስረዳችን። ልጅቷ ቃሏን በሰጠችባቸው ቀናት ሁሉ አብራት ሄዳለች።

ወደ ቤቷ የተመለሰች ልጅ ሐሜቱ ሲበዛባት ለሌላ ደላላ ቀላል ሲሳይ ትሆናለች። ይህን ስለምታውቅ፣ ልጃችን ከመመለሷ በፊት መንደራችን ድረስ ሁለት ጊዜ መጥታ ከእናቷ፣ ከርዕሰ መምህሩና ከመስጊዳችን ኢማም ጋር ተነጋገረች። ኢማማችንም በጁምዓ፣ የማንንም ስም ሳያነሱ፣ የተጎዳን ሰው ማማት ምን ያህል ከባድ ኃጢአት እንደሆነ ተናገሩ። እኅታችን እስከ ዛሬ በየወሩ ትጠይቃታለች።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች፣ በቅርባችሁ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተሉትን ባለሙያዎች አግኝታችሁ የተሃድሶ መጠለያ ጠይቁ፤ ይህም መጠለያ ልጆችን የሚቀበለው በፖሊስ በኩል ነው። ከደላላው ጋር የተለዋወጣችሁትን የስልክ መልእክት አታጥፉ፤ የእኛን ጉዳይ ያጸናው እርሱ ነው።

እኅቴ፣ አላህ ኸይር ጀዛሽን ይክፈልሽ።