ብሌንደርና ፉድ ፕሮሰሰር በአንድ ሞተር፦ ከ11 ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን ማሽን ከገዛሁት 11 ወር ሆነኝ። አንድ ሞተር ነው፣ ሁለት ዕቃ አለው። ረጅሙን ጆግ ስትገጥሙበት ብሌንደር ነው፤ ጆጉን አንስታችሁ ሰፊውን ሳህን ስትገጥሙበት ፉድ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የሚከትፍና የሚፈቀፍቅ ማሽን ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ ሙገሳ ብቻ ይሆን ነበር፤ በሰባተኛው ወር ብጽፍ ደግሞ እሮሮ ብቻ። አሁን ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ስለምጠቀምበት፣ አንዴም ተበላሽቶብኝ ስላሠራሁት፣ የቱ ነገር ለዘለቄታው እንደሚጠቅም፣ የቱ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ሲነበብ ብቻ እንደሚያምር ለይቼ መናገር እችላለሁ። ስሙን አልጠራም። የማነሳው ጥቅምም ሆነ ችግር በዚህ ዓይነት ማሽኖች ላይ በብዛት የሚያጋጥም ነው።

ስገዛ ያየሁት ሦስት ነገር ነበር፦ ዋቱን፣ የጆጉን ትልቅነትና አብረውት የሚመጡትን ዕቃዎች ብዛት። ሦስቱም ብዙ አልጠቀሙኝም። ዋት ማለት ሞተሩ የሚወስደው የኤሌክትሪክ መጠን ነው እንጂ ምላጩ ጋ የሚደርሰው ጉልበት አይደለም። አንዳንድ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ደግሞ ሞተሩ ለአፍታ ብቻ የሚደርስበት ቁጥር ነው። የኔ ካርቶን 1000 ዋት ይላል፤ ቤት ወስጄ ገልብጬ ሳየው ከሥሩ የተለጠፈችው ትንሽ ጽሑፍ 800 ትላለች። ልትገዙ ስትሄዱ እዚያው ገልብጣችሁ አንብቡ።

ዋናው ነገር ሳህኑ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ማሽን የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጆጉ ላይ ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሥራውን የሚያቀልላችሁ ግን ሳህኑ ነው።

በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የቅርጽ ብቻ አይደለም። ጆጉ ጠባብና ረጅም ነው፣ ምላጩም አጭር ሆኖ ከሥር ተቀምጧል፣ ስለዚህ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ፈሳሹ ነው፤ እየተሽከረከረ መሀሉ ላይ ይጎደጉድና ከላይ ያለውን እየሳበ ወደ ምላጩ ያወርደዋል። ፈሳሽ ከሌለ አዙሪት የለም። ሽንኩርት ብቻውን ጆግ ውስጥ ጨምራችሁ ብታስነሱት ከታች ያለው ውሃ ይሆናል፣ ከላይ ያለው እንዳለ ይቀመጣል፣ እናንተም እያጠፋችሁ በማንኪያ ስትገፉ ትቆያላችሁ። የሳህኑ ምላጮች ግን ግራና ቀኝ እስከ ጠርዙ ድረስ ይደርሳሉ፤ ያለ ምንም ፈሳሽ ይከትፋል።

እንደውም ሁለቱ ሲፈጠሩም ለየብቻ ነው። ስቴፈን ፖፕላውስኪ የተባለው ሰው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1922 ብሌንደርን የሠራው መጠጥ ለመበጥበጥ ብሎ ነበር። ፉድ ፕሮሰሰር የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። ፒየር ቨርዶን የተባለ ፈረንሳዊ መጀመሪያ የሠራው ለትልልቅ ማድ ቤቶች ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ሰዓት የሚፈጀው መክተፉ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለቤት የሚሆነውን ካርል ሶንታይመር ያስተዋወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ሌላው ጉልበት። የቤት ብሌንደር በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ራሱን የቻለ ጥሩ ፉድ ፕሮሰሰር ግን ብዙ ጊዜ ከ2,000 ባነሰ ዙር ነው የሚሠራው። ታዲያ አንድ ሞተር ሁለቱን እንዲያገለግል ከተፈለገ ሳህኑ ሥር ፍጥነቱን የሚቀንስ ማርሽ መኖር አለበት፣ ወይም ሞተሩ ራሱ በጣም ዝግ ማለት መቻል አለበት። ሁለቱም የሌለው ማሽን ሽንኩርት አይከትፍም፣ ያላቁጠዋል። ሻጩ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሳህኑን ገጥማችሁ በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሱት፤ ምላጩ ገና ሲነሳ እንደ ጆጉ የሚያፏጭ ከሆነ ተዉት። ቁልፉን ስትለቁም ወዲያው መቆም አለበት።

ሽንኩርት እንዴት እንደምከትፍ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ማሽኑን የሚጠላው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ራስ ሽንኩርት ልጬ እያንዳንዱን አራት ቦታ እቆርጠውና ሳህኑ ውስጥ እበትነዋለሁ። ከዚያ ፐልስ የምትለዋን ቁልፍ ጫን አድርጌ እለቃለሁ። አንድ ሰከንድ። ሽንኩርቱ ይዘልና ክዳኑን መትቶ ይመለሳል። ሁሉም ተመልሶ እስኪወድቅ እጠብቃለሁ። ደግሞ ጫን። ሦስተኛው ላይ ገና ትልልቅ ነው፣ አምስተኛው ላይ ለወጥ የሚሆን ይሆናል፣ ስምንተኛው ላይ ከሥሩ ነጭ ውሃ መታየት ይጀምራል፣ ያኔ አልፏል ማለት ነው። ልዩነቱ የሦስት ሰከንድ ነው። እናቴ አሁንም በቢላዋ የተከተፈው ይሻላል ትላለች፣ እውነቷን ነው። ማሽን ሽንኩርቱን ስለሚደቀድቀው ውሃ ያወጣል፤ ምጣድ ላይ ሲወርድ ቶሎ አይቀላም፣ መጀመሪያ ውሃው መጥፋት አለበት። እኔ እሳቱን ትንሽ ጨምሬ አምስት ደቂቃ እታገሣለሁ። በምትኩ ዓይኔ አያለቅስም፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ደግሞ ከመላጡ ውጪ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም።

ካሮትና ጥቅል ጎመን ላይ ማሽኑ ወደር የለውም። መፈቅፈቂያ ዲስኩን መግጠም፣ ከላይ ባለው ቀዳዳ መጨመር፣ በመግፊያው ቀስ ብሎ መጫን ብቻ ነው። በኃይል ከጫናችሁ ዲስኩ ይንጋደዳል፣ የሚወጣውም እኩል አይሆንም። ካሮቱን ቀዳዳው ውስጥ ካቆማችሁት አጭር አጭር ሆኖ ይወጣል፤ በቀዳዳው ልክ ቆርጣችሁ ካጋደማችሁት ግን ረዥም ክር ይሆናል። በመጨረሻ ዲስኩና ክዳኑ መሀል አንዲት ቁራጭ ትቀራለች። ሁሌም ትቀራለች፣ አውጥቼ እበላታለሁ።

ሊጥ ላይ ተጠንቀቁ። ሁለተኛው ወር ላይ አንድ ኪሎ ዱቄት በአንዴ ለማቡካት ሞከርኩ። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥና መራመድ ጀመረ፣ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። አበቃለት ብዬ ነበር። ለካ ሞተሩ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ አለው፤ ከሶኬቱ ነቅዬ ግማሽ ሰዓት ስተወው ተመልሶ ሠራ። ስትገዙ ይህ መከላከያ እንዳለው መመሪያው ላይ ፈልጉ፣ ከሌለው አትግዙ። አሁን ከ500 ግራም ዱቄት በላይ አልጨምርም። የማቡኪያው ምላጭ ፕላስቲኩ ነው፣ ብረቱ ሊጡን ይቆራርጠዋል። ውሃውን ቀዝቃዛ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ምላጩ ሲዞር ሊጡን ያሞቀዋል። ከአንድ ደቂቃ በላይም አላቆየውም፣ የቀረውን በእጄ እጨርሰዋለሁ። ሊጥ በየቀኑ የምታቦኩ ከሆነ ግን ይሄ ማሽን ለእናንተ አይደለም።

ጆጉ ጎበዝ የሆነው ሾርባ ላይ ነው። ሳህኑ የቱንም ያህል ቢዞር የጆጉን ያህል አያደቅቀውም። ሳህኑ ውስጥ ብዙ ፈሳሽ መጨመርም አይቻልም፤ መሀሉ ላይ ባለው ዘንግ በኩል ሾልኮ ሞተሩ ላይ ይወርዳል። ሳህኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ ለደረቅ ነገርና ለፈሳሽ፤ የፈሳሹ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ሲሸጥ ግን የሚነገራችሁ የላይኛው ነው።

ስለ ትኩስ ሾርባ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጆጉን ሞልታችሁ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ በፍጥነት አታስነሱት። እንፋሎቱ በድንገት ይለጠጥና ክዳኑን ያነሳዋል። እኔ ላይ ደርሶ እጄና ክንዴ ተቃጥሎ ሁለት ሳምንት አሞኛል። አሁን ሾርባውን መጀመሪያ ትንሽ አበርደዋለሁ፣ ከጆጉ ሲሶ በላይ አልሞላም፣ ክዳኑ መሀል ያለችውን ትንሿን ቆብ አወጣና በታጠፈ ፎጣ እሸፍነዋለሁ፣ ከዝቅተኛው ፍጥነት ነው የምጀምረው። ልጆች አጠገቤ ካሉ ጨርሶ አልሠራም።

ድምፁ ከባድ ነው። ስልኬ ላይ ባለው መለኪያ ጆጉ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር 88 ዴሲብል አሳየኝ። የስልክ መለኪያ ልክ ነው ባልልም፣ ሰው የተኛበት ቤት ውስጥ ግን የሚነሳ ድምፅ አይደለም። የሳህኑ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፣ እሱም ማጠቡ ነው። አራተኛው ወር አካባቢ የምሠራው ሁሉ የሆነ የሻገተ ሽታ ይሸተኝ ጀመር። ጆጉን በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩ፣ ሽታው አልሄደም። አንድ ቀን ምላጩን ከሥሩ ፈትቼ የጎማውን ቀለበት በጥፍሬ አወጣሁት። ከላይ ንጹሕ ግራጫ ነበር። ስገለብጠው ዙሪያውን በሙሉ ቀጭን ጥቁር መስመር ይዞታል፣ ስነካው ያዳልጣል። እዚያች ጎማ ሥር ለአራት ወር የሰነበተ ጁስና ሾርባ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደጨረስኩ ወዲያው ለብ ያለ ውሃና አንዲት ጠብታ ሳሙና ጨምሬ 30 ሰከንድ አዞረዋለሁ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ ጎማውን አውጥቼ አጥቤ በደንብ ሳይደርቅ አልመልሰውም። ስለዚህ ስትገዙ ይቺ ጎማ በቀላሉ ትወጣለች ወይ ብላችሁ እዚያው ሞክሩ። የማይፈታ ምላጭ ያለው ጆግ አልገዛም። የሳህኑን ምላጭ ደግሞ የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አትተዉት፤ አረፋ ሥር አይታይም፣ እጅ ይቆርጣል። ካሮት ፕላስቲኩን ብርቱካናማ ካደረገው ሳሙና ከመንካቱ በፊት በዘይት ጥረጉት፣ ይለቃል።

የተሰበረው ሰባተኛው ወር ላይ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ምላጩ ግን አልዞር አለ። ጆጉን ሳነሳው ከሥሩ ጥቁር ዱቄት ተበትኗል። ሞተሩን ከጆጉ ጋር የሚያያይዘው ጥርስ ያለው ክብ ፕላስቲክ ተበልቷል። ሻጩ ጋ ብወስደው ይሄ ለብቻው አይመጣም፣ ሞተሩ በሙሉ መቀየር አለበት አሉኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም እውነት አልነበረም። አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ቀየረልኝ። እንደነገረኝ ያ ፕላስቲክ ሆን ተብሎ ደከም ያለ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የሆነ ነገር ሲጣበቅ እሱ ቀድሞ ይበላል፣ ሞተሩ ይተርፋል። ደግሞ ብዙዎቹ የሚፈቱት ከለመድነው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፣ ሳያውቁ የሚታገሉት ይሰብሩታል። ያስበላሁትም እኔ ነኝ፤ ሞተሩ ዞሮ ሳይጨርስ ጆጉን አነሳ ነበር። አሁን እስኪቆም እጠብቃለሁ። አንድ ትርፍ ፕላስቲክም ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ይህ ፕላስቲክ፣ ጎማውና የሳህኑ ክዳን ለብቻ ይሸጡ እንደሆነ ጠይቁ። ክዳኑን የምጠቅሰው ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ከተሰበረች ማሽኑ ክዳኑ ያልተዘጋ ስለሚመስለው ጨርሶ ስለማይነሳ ነው።

ለማን ይሆናል? ጠዋት ጠዋት ጁስ ብቻ የሚጠጣ ሰው ለብቻው ጥሩ ብሌንደር ይግዛ፣ ሳህኑ አቧራ ይጠጣል። ለብዙ ሰው የሚያበስል፣ ቦታ የጠበበው፣ አንዳንዴም ሾርባ የሚፈጭ ሰው ሁለት በአንድ ቢገዛ አይቆጨውም። ለአንድ ሰው ብቻ የምታበስሉ ከሆነ ግን የሳህኑን ትልቅነት አትመኙ፤ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ትልቅ ሳህን ውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል እንጂ አይከተፍም። ውስጡ የሚገባ ትንሽ ሳህን ያለው ዓይነት አለ፣ እሱን ፈልጉ።

መጀመሪያ ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር የማስቀምጠው። ከባድ ስለሆነ ማውጣቱ ያሰለቸኝና በቢላዋ እጨርስ ነበር። አሁን ቦታው ከምድጃው አጠገብ ነው። ጆጉ መደርደሪያ ላይ ሆኖ፣ ሳህኑ ሞተሩ ላይ እንደተገጠመ ያድራል፣ ክዳኑ ግን አይዘጋም፣ እንዲደርቅ ከጎኑ ተገልብጦ ነው የሚያድረው።