ደሴ ላይ «ጋዝ ነው» ተብዬ የከረምኩበት ሕመም

ለእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር የመጣሁት። ኮምቦልቻ ወርጄ ሐረጎን ስወጣ፣ ጦሳን ሳየው፣ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እምብርቴ ዙሪያ ቁርጠት ያዘኝ። ይመጣል፣ ይሄዳል። እናቴ ጤና አዳም አጠጣችኝ፤ አልተወኝም።

ከ4 ዓመት በፊት ስቶክሆልም ጋስትሪክ ባይፓስ (ለውፍረት ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ጥገና) ተሠርቼ ከ118 ኪሎ 71 ገብቻለሁ። የሄድኩበት የግል ክሊኒክ ይህን ከካርድ ክፍል ጀምሬ ተናግሬአለሁ። ማን ይስማ! አድራሻ ሲሉኝ ስዊድን አልኩ፤ ጥፋቴ እሱ ነው። ከፊቴ የነበሩት እናት ለአልትራሳውንድ የከፈሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እኔን እጥፍ አስከፈሉኝ። ታይፎይድ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ እንደገና ታይፎይድ። አልትራሳውንዱ «ጋዝ ነው» ተባለ። ተኚ አሉኝ፣ ማስያዣ 30 ሺህ ብር። ግሉኮስ ሰቀሉ፣ ማስታገሻ ወጉኝ። ሲያልቅ እጮሃለሁ፣ ነርሷ ሌላ ትወጋኛለች። ሐኪሙስ? «ጠዋት ይገባል»። እንዲህ 2 ሌሊት። ስዊድንም ወረፋ አለ፣ ድንገተኛ ክፍል 7 ሰዓት ተቀምጬ አውቃለሁ። ግን እዚያ ባይፓስ ስትዪ ሰው ይነቃል።

ወንድሜ ተናዶ በባጃጅ መንግሥት ሆስፒታል ወሰደኝ። ሽንት ቤቱን አላነሳም። አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም ግን ገና ሲያየኝ «አንጀትሽን የት ጋ ነው የቀጠሉት?» አለ። ካርዴ ጀርባ ላይ ሣለልኝ። ጨጓራው ሲያንስ ቀጭኑ አንጀት ወደ ላይ ተስቦ ይቀጠላል፤ ከኋላው ክፍተት ይኖራል። ሰው ሲከሳ አንጀትን የያዘው ሞራ ይሳሳና ክፍተቱ ይሰፋል። አንጀት በዚያ ሾልኮ ይጠማዘዛል፤ ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ አልትራሳውንድና ራጅም ሊያመልጠው ይችላል። ሲቲ ስካኑ የደም ሥሮቼን እንደ አዙሪት ተጠምዝዘው አሳየ።

«አብሽሪ እህቴ» አለኝ። ስቶክሆልም ማን አብሽሪ ይልሻል? በዚያው ማታ አንጀቴን ፈትተው መለሱት፣ ክፍተቱንም ሰፉት። ተቆርጦ የወጣ የለም፤ አልሐምዱሊላህ።

ባይፓስ ያላችሁ፣ የቀዶ ጥገና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ግቡ። የኔ ስቶክሆልም መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቁርጠት ከተመላለሰባችሁም በማስታገሻ አትተኙ፤ ቀዶ ሐኪም ይየኝ በሉ።

ወንድሜ ከማስያዣው የተረፈውን ሊቀበል ክሊኒኩ ሄደ። ጭራሽ 1,400 ብር ይቀርባታል አሉት። ከፈለ። ደረሰኝ ሲጠይቅ «ሲስተም የለም» ተባለ።