የቅዳሜ ገበያው ወረንጦ፣ የፈረንጁ መንጠቆና የእኔ ላሞች

ወረንጦ ደግሞ ምን ይጻፍለታል ትሉኝ ይሆናል። እኔም እስካለፈው መስከረም ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ሦስት ላሞች አሉኝ፤ ሁለቱ ዲቃላ፣ አንዷ የፎገራ። ክረምቱ ሲወጣ መዥገር መልቀም የቤታችን የዘወትር ሥራ ነው፤ ጠዋት ከማለቤ በፊት ጡታቸውን፣ ብሽሽታቸውን፣ የጅራታቸውን ሥር አያለሁ። በዚህ ስድስት ወር በሦስት ዕቃ ለቅሜያለሁ። አንዱ ከቅዳሜ ገበያ በ80 ብር የገዛሁት የቀጥቃጭ ወረንጦ ነው፣ ሌላው ለቅንድብ ተብሎ የሚሸጠው የቻይና፣ ሦስተኛው የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ የላከልኝ አረንጓዴ የፕላስቲክ መንጠቆ።

ነገሩ የተጀመረው በወንድሜ ነው። ለመስቀል መጥቶ ሁለት ሳምንት ከብቶቹን ሲያግድልኝ ሰነበተ። አንድ ማታ እግሩን ሲታጠብ ከጉልበቱ ጀርባ መዥገር አገኘ። እኛ ቤት ደንቡ የታወቀ ነው፤ ላምባ ጠብ ማድረግ፣ እምቢ ካለ ክብሪት ጭሮ ማስጠጋት። ላምባውን ያመጣሁት እኔው ነኝ። መዥገሩ ንቅንቅ አላለም። ወንድሜ ተናዶ በጥፍሩ ይዞ መነጨቀው፤ ሆዱ እጁ ላይ ፈነዳ፣ አፉ ሥጋው ውስጥ ቀረ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተኛ።

በሳምንቱ ብርድ ብርድ አለው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማጅራቱን ደግሞ ጨምድዶ ያዘው። አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ደም ተቀዳ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተብሎ መድኃኒት በፌስታል ይዘን ተመለስን። ጎንደር ውስጥ ትኩሳት ይዞት ሄዶ ይህን ሳይባል የተመለሰ ሰው ካለ ንገሩኝ! ሱሪህን እስቲ ሰብስብ ያለው ግን አልነበረም። አራት ቀን ዋጠ፣ ትኩሳቱ ወይ ፍንክች።

ሁለተኛ ያየችው ሐኪም ልጅ እግር ናት። ወረቀቱን ሳታነብ «ሥራህ ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ከብት አለ? ቆላ ወርደህ ነበር? ቅማልስ?» አለችው። ከዚያ ልብሱን አስወልቃ ከጆሮው ጀርባ እስከ እግሩ ጣቶች አየችው። ከጉልበቱ ጀርባ ምስር የምታህል ጥቁር እከክ ተቀምጣለች፤ ደረቅ፣ ሲጋራ የተረኮሰባት የምትመስል፣ ዙሪያዋ የቀላ። ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት አብጧል። እሱ ንፍፊቱን ከመንገድ ብዛት የመጣ መስሎት «እታለም፣ እግሬ ዝሏል» ሲለኝ ነበር የሰነበተው። የወባ ምርመራው ነጻ ሆነ። «ይሄ የመዥገር ትኩሳት ይመስላል» አለችና ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ አዘዘችለት። በብዙ ውኃ ዋጠው፣ እንደዋጥክ እንዳትተኛ፣ ፀሐይ ላይ አትዋል፤ ምክሯ ይኸው ነበር። በሁለተኛው ቀን እንጀራ አምጡ አለ።

በእርግጥ ጠይቄያታለሁ። ጀርሙ ሪኬትሲያ ይባላል፤ አፍሪካ ውስጥ ከሚያስተላልፉት መዥገሮች ዋነኛው ያ ጌጠኛው ነው። አይታችሁታል፤ ወንዱ ጀርባው ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ጥለት ያለው፣ እግሮቹ ላይ ነጫጭ ቀለበት። የአንዷ ዲቃላዬን ጡት ያደረቀብኝም እሱ ነው፤ አፉ ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ጠልቆ ያመረቅዛል። ትኩሳቱ ከነከሰ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ይነሳል። የደም ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላያሳይ ስለሚችል ሐኪም እከኩንና የከብቱን ወሬ አይቶ ነው የሚጀምረው። በቅማል የሚተላለፉት ግርሻና ተስቦ የሚባሉት ትኩሳቶች ሌላ ናቸው፤ ስለ ቅማል የጠየቀችው ለዚያ ነው። የእኛው ብዙውን ጊዜ ሰው አይገድልም። ከትኩሳት ጋር ድድ ወይም አፍንጫ መድማት ከመጣ ግን ሌላ ከባድ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ ዶክሲሳይክሊንን ከፋርማሲ በራሷ ገዝታ እንዳትውጥ።

ወደ ዕቃዎቹ ልመለስ።

የቻይናው ያምራል፤ ጫፉ ግን ሰያፍና ሰፊ ነው። መዥገሩን ከቆዳ ሥር ሳይሆን ከሆዱ ይይዘዋል፤ ሆዱ ከተጨመቀ ውስጡ ያለው ወደ ሰው ሊገባ ይችላል። ለቅንድብ ይሁን። የልጄ ሆኗል።

አረንጓዴው መንጠቆ ሁለት ነው፣ ትልቅና ትንሽ። ስንጥቁን ከመዥገሩ ሥር ታስገቡና ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ ታነሳላችሁ። ውሻችን ላይ ሞከርኩት፤ ማር ነው፣ አፉ ሳይቀር ይወጣል። ገና ያልጠገበችው፣ ሰሊጥ የምታህለው ግን ከትንሹም ታመልጣለች። ዋናው ጥፋቱ ቀለሙ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው ሣር ውስጥ የሚሠራ ዕቃ አረንጓዴ የሚያደርገው? ትልቁ በሦስተኛው ሳምንት ከበረቱ ጀርባ ጠፋ።

የእህቴ ልጅ መንጠቆውን የላከው ፈርቶ ነው። እሱ ባለበት አገር «ላይም» የሚባለውን የመዥገር በሽታ ነው የሚፈሩት፤ በኮኔክቲከት ባለች «ላይም» በምትባል ከተማ ነው የተሰየመው፤ ምልክቱ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ቅላት ነው። በስልክ «ክብ አለው ወይ?» እያለ ልቤን አወለቀው። የለውም፤ የእኛው ጥቁር እከክ ነው። የሮኪ ተራራ ትኩሳት የሚሉት ደግሞ የእኛው የሥጋ ዘመድ ነው፣ ግን ክፉ፤ ዶክሲሳይክሊኑ በአምስት ቀን ውስጥ ካልተጀመረ ሰው ሊሞት ይችላል። እስቲ አንተ ራስህን ጠብቅ አልኩት።

የቅዳሜ ገበያው ወረንጦ ሲገዛ ጫፉ ወፍራም ነበር፣ እሾህ እንኳ አይዝም። ሻጩ አጎት የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ «ሞረድ አስነኪው የኔ ልጅ» አሉኝ። ባለቤቴ ሩብ ሰዓት ሞረደው። አሁን ሁለቱ ጫፎች ሲገጥሙ ብርሃን አያሳልፉም። መዥገሩን ከቆዳው ጋር አስጠግቼ እይዛለሁ፣ ሳላዞር ሳልነጭቅ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ እስባለሁ። መጀመሪያ ቆዳው እንደ ድንኳን ይነሳል፤ አትቸኩሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ቷ ብሎ ይለቃል። እጅንና ቦታውን በሳሙና፣ ከዚያ በአልኮል። መዥገሩን በእጅ መጨፍለቅ የለም። እኔ ከሰል ላይ ነው የምጥለው፤ ጣ ሲል ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ። ከሰው ላይ ከሆነ ቀኑን ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ፤ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ቢመጣ ሐኪሙ የሚጠይቀው መጀመሪያ እሱን ነው።

አንድ ጉድለቱ መዛጉ ነው። አልኮል ነክቶት ሳይደርቅ ካስቀመጣችሁት በማግስቱ ቀይ ነው። ቅባት ቀቡት።

ስለ ላሞቹ መድኃኒት ራሱን ችሎ መጻፍ ይገባኝ ነበር። ዲያዚኖን የሚባለውን የመዥገር መርጫ የምገዛው ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው፤ ለላም ይሠራል፣ መጠኑ ወረቀቱ ላይ አለ። ግን ሰፈራችን ውስጥ ለልጅ ቅማል ራስ ላይ የሚቀቡት አሉ። ይህ መርዝ ነው፤ ምራቅ ያዝረበርባል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ላም ስረጭም ጓንት አደርጋለሁ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አደርጋለሁ።

ወንድሜ አሁን ከብት ሊያግድ ሲወጣ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ይከታል። ጎረቤት ይስቅበታል። ነጭ ካልሲ ነው የገዛሁለት፣ መዥገሩ ሲወጣ እንዲታይ። ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ የቀበቶ ሥር፣ ከጆሮ ኋላ፤ ልጆቹን ደግሞ ፀጉራቸውን ገልጬ አያለሁ።

ለወረንጦው ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ፤ አንዷን ዝገቱ ወሰዳት። ባለፈው ቅዳሜ ለአማቴ ሁለተኛ ልገዛ ስሄድ 100 ብር ብለውኛል፤ ስንከራከር ቆይተን በ90 ተስማማን፣ ሞረዱን ግን አሁንም ራሳችሁ ነው የምታስነኩት።