ቅልጡ በዛ፣ አመዱ አነሰ፦ ለሰሜን ሸዋ ቆላ የተዘጋጀ የእሳተ ገሞራ ሥልጠና ግምገማ

ሥልጠናው ሁለት ቀን ነው። የሥዕል ገበታ፣ አሸዋ ላይ የሚሠራ የአካባቢ ካርታና ለየቤቱ የሚሰጥ አንድ ቦርሳ አለው። ቦርሳው አራት ኤን95 የተባለ አቧራ የሚያጣራ ማስክ፣ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪና ሁለት ሜትር ላስቲክ ይዟል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች ዙሪያ ምድር ስትናጥ ከርማለች፤ ታኅሣሥ 25 ደግሞ ዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ወጥቷል። በበረኸትና በምንጃር ቆላ ለሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ትምህርት መምጣቱ ደግ ነው። ችግሩ ከገበታው ሥዕሎች የሚበዙት ስለ ቅልጥ ዐለት መሆናቸው ነው።

ቅልጥ ዐለት የሸዋን ዳገት አይወጣም። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከፈንታሌ የፈሰሰው ጥቁር ዐለት ዛሬም ከተራራው ግርጌ፣ መተሐራ አጠገብ ተኝቶ ይታያል። ወደዚህ ሊመጣ የሚችለው አመዱ ነው፤ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ደግሞ የላይኛው ነፋስ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ በየመንና በኦማን አድርጎ ሕንድ ደረሰ፤ በበጋ የላይኛው ነፋስ ወደ ምሥራቅ ይነዳልና። ክረምት ላይ ይገለበጣል። ኤርትራ ውስጥ ናብሮ በሰኔ 2003 ሲፈነዳ ደመናው ወደ ሱዳን አቀና። ዶፈን በሐምሌ ቢፈነዳ አመዱ ወደ አንኮበር ሊያቀና ይችላል፣ ያውም ዝናብ እየወረደበት። ሥልጠናው ስለ ወቅት አንድ ቃል አይናገርም።

ቃሉም ራሱ ያሳስታል። «አመድ» ሲባል ሰው የሚያስበው የምድጃውን ነው፤ ዕቃ የሚታጠብበትን፣ ጓሮ የሚደፋውን። የእሳተ ገሞራ አመድ ግን የደቀቀ ዐለትና መስታወት ነው፤ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ ዐይን ይቧጭራል፣ ረጥቦ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። አሠልጣኞቹ በካርቶን ቤት ጣሪያ ላይ የምድጃ አመድ በወንፊት እየነፉ ማሳየታቸው ስሕተቱን አጸናው። ቀይ አሸዋ ወቅጦ መንፋት ይሻል ነበር። ከዚያ ሁለት እኩል ጣሳ ሞልቶ፣ በአንዱ ላይ ውኃ ጨምሮ፣ ተሳታፊው በሁለት እጁ እንዲመዝነው መስጠት። ይህን ያነሣ እጅ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ምክንያቱም የጣሪያው ጉዳይ ሒሳብ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር እርጥብ አመድ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 75 ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል፤ በአንድ ቆርቆሮ ላይ ከኩንታል ያላነሰ ጤፍ እንደ መጫን ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ በሰኔ 1983 ፒናቱቦ ሲፈነዳ ከባድ ዝናብ አብሮ ስለወረደ ብዙ ሰው የሞተው ጣሪያ ተደርምሶበት ነው። አመድ መጠረግ ያለበት ሳይከማች፣ ዝናብ ሳይመጣ ነው። አቧራው እንዳይነሣ እፍኝ እፍኝ ውኃ መርጨት ይበቃል፤ በባልዲ ከደፉበት ክብደቱን ራስ ጨመረው ማለት ነው። ከሁለቱም ወገን እያፈራረቁ መጥረግ፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጭነቱን ያዛባል። ከዚህ ሁሉ በፊት አሸንዳውን ከበርሜሉ መንቀል። ጣሪያው ከጎበጠ ግን መውጣት የለም፤ ከቤቱ መራቅ ነው።

የማስኩ ትምህርት ግማሹ ጥሩ ነው። የአፍንጫውን ሽቦ አጣብቆ፣ ሁለቱን ላስቲክ ለያይቶ ማሰር በደንብ ታይቷል። ጢም ያለው ሰው ላይ ግን ኤን95 አይገጥምም፤ በጎን ያስገባል። ካህናትና ሽማግሌዎች በሞሉበት አዳራሽ ይህ አለመነሣቱ ይገርማል። «ነጠላችሁን አርጥባችሁ ያዙ» የሚለው ምክርም ይውጣ፤ ማርጠብ የጨርቁን ማጣሪያነት አያሻሽልም። ደርቦ ማጠፍ ትንሽ ይረዳል። ዐይን የሚሸፍን መነጽር ቦርሳው ውስጥ የለም።

ውኃ ላይ ቁጥሩ ልክ ነው፦ ለመጠጥ በሰው በቀን ሦስት ሊትር፣ ለስድስት ቤተሰብ ለሦስት ቀን ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን። የደፈረሰውን አዝቅጦ፣ በጨርቅ አጥልሎ፣ ከዚያ ውኃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ መጨመርም ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው፤ ድፍርስ ላይ ክሎሪኑ ይባክናል። ከአመዱ ወደ ውኃው ሊገባ የሚችለው ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ግን በማፍላት አይወጣም፣ ይባስ ይጠጥራል። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ያመጣውን የመተሐራን ቡናማ ጥርስ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ከብቱ ፈጽሞ ተረስቷል፤ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። ፍሎራይድ የያዘ አመድ ሣር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያርፍ የሚግጠውን በግ ሊመርዝ ይችላል፤ በግ ከሥሩ አጭሩን ሣር ስለሚግጥ አብዝቶ ይውጣል። በረት ማስገባት፣ ጭዱንና ድርቆሹን በላስቲክ መሸፈን ያስፈልጋል። ለአንድ በግ በቀን አንድ ኪሎ ድርቆሽ ቢታሰብ ለዐሥር በግ የሳምንት 70 ኪሎ ነው። የተሰጠው ሁለት ሜትር ላስቲክ አንዲት የጭድ ክምር አይሸፍንም።

የአሸዋው ካርታ ግን ያለ ማጋነን ግሩም ሥራ ነው። ሰዎቹ የየመንደራቸውን ወንዝና ገደል በእጃቸው ሠርተው፣ ከባድ ጋዝ የሚተኛበትን ጎድጓዳ በጠጠር፣ ጎርፍና ጭቃ የሚወርድበትን ሸለቆ በክር ምልክት አደረጉ። እረኛ ልጆች ከአዋቂዎቹ ይልቅ ጎድጓዳውን ያውቁታል፤ ወደ ካርታው መጠራት ያለባቸው እነሱ ነበሩ።

ከአምስት ሦስት። ቦርሳው ብቻውን ቢመዘን ሁለት።