ባህር ዳር ላይ የአውሮፕላን ዲዛይን ሶፍትዌር «ከነላይሰንሱ» ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ አድርጉልኝ። ነገሩ የሆነው ዛሬ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ከዛ ቤት ከወጣሁ ገና አምስት ሰዓት አልሞላኝም። 18,000 ብር ተበልተናል፣ ሦስት ተማሪዎች ነን፣ ስድስት ስድስት ሺህ አዋጥተን የሰጠነው ብር ነው።

የቤቱን ስም አልጠራም ግን አይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ስር ከቨርና ፍላሽ የደረደረ፣ ግድግዳው ላይ «ማንኛውም ሶፍትዌር ይጫናል» ብሎ የለጠፈ፣ ማትላብ አለ ስትሉት አለ፣ ሶሊድወርክስ አለ ስትሉት አለ፣ የለም የሚል ቃል ከአፉ የማይወጣ፣ ዋጋውን ደሞ ፊታችሁን አይቶ የሚቆርጥ።

ፋይናል ፕሮጀክታችን ግላይደር ነው፣ ሞተር የለውም፣ ከፎም ተሰርቶ በእጅ ተወርውሮ የሚንሸራተት። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1.8 ሜትር፣ የክንፉ ወርድ 20 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 900 ግራም። አማካሪያችን «ስዕል ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ስታቢሊቲውን በሶፍትዌር አሳዩኝ» አለን። እውነቱን ነው፣ የማይረጋጋ አውሮፕላን ምን ቢያምር አይበርም። ኢንተርኔቱን ደሞ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ፋይል ለማውረድ ሌሊት ሙሉ መጠበቅ ነው፣ ስለዚህ እንደማንኛውም ተማሪ ፍላሽና ላፕቶፕ ይዘን ሄድን። ሰውየው «ወንድሞቼ፣ ኦሪጅናሉ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው፣ የዕድሜ ልክ ላይሰንስ 12,000፣ አናሊሲሱን ሰርቼ ሪፖርት ልስጣችሁ ካላችሁ 6,000 ጨምሩ» አለን። ተማከርንና እሺ አልን።

የኔ 6,000 የእናቴ ብር ነው። ቡሬ ገበያ በርበሬ ሸጣ ነው የላከችልኝ። «ለትምህርት ከሆነማ ልጄ ምን ይደረጋል» ነው ያለችኝ፣ ለምን እንደሆነ እንኳን በደንብ አልጠየቀችኝም።

ሪፖርቱ በሳምንቱ መጣ፣ 22 ገጽ፣ በከለር ታትሞ በስፓይራል የተጠረዘ፣ ስታዩት ልብ ያሞቃል። ሲጂው፣ ማለትም የግላይደሩ ክብደት ሚዛን የሚያርፍበት ነጥብ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 95 ሚሊሜትር ላይ ይሁን ይላል። እኛም አመንን። ለክብደት ብለን አፍንጫው ውስጥ የጨመርነውን ብሎን ግማሹን አወጣነውና ሲጂውን ወደ ኋላ ወስደን 95 ላይ አደረስነው፣ ሜዳ ወጥተን ወረወርነው። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አደረገ፣ ቀና አደረገ፣ አየር ላይ ቆመ፣ ከዛ በጭራው በኩል ወርዶ መሬት መታ። ክንፉ ከስሩ ተሰበረ። የአንድ ወር ስራ ነው፣ በጋለ ሽቦ እየቆረጥን ጣታችንን እየተቃጠልን የሰራነው። ያን ጊዜ እንኳን ሰውየውን አልጠረጠርኩትም፣ አወራወራችን ነው ያጠፋው ብዬ ጓደኛዬን ነው የተቆጣሁት።

ትናንት ማታ ደሞ ሶፍትዌሩን ስከፍት «ላይሰንስዎ አብቅቷል፣ ለማደስ 4,000 ብር» የሚል መልእክት መጣ። የዕድሜ ልክ የተባለው ሦስት ወር አልሞላውም። ለዚህ ነው ዛሬ የሄድኩት፣ ልጣላ ሳይሆን ስህተት መስሎኝ።

ላፕቶፑን ተቀጥሮ የሚሰራው ልጅ ተቀበለኝ። ወደራሱ ነው ያዞረው፣ እኔ ግን ከጎን ቆሜ ስለነበር ስክሪኑ ይታየኛል። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን፣ «ኤሮ ዲዛይን ፕሮ» ብለው የሸጡልንን አይከን አልነካውም። ሲ ድራይቭ ገባ፣ አንድ ፎልደር ከፈተ፣ ውስጡ ያለውን ሌላ ፋይል ሁለቴ ክሊክ አደረገ፣ ሶፍትዌሩ ተከፈተ። ኮድ የለ፣ ምን የለ። ያ «ላይሰንስዎ አብቅቷል» የሚለው ነገር ራሳቸው ከላይ የለጠፉበት ቁልፍ ነው ማለት ነው። ልጁ ስልክ ተደውሎለት ዞር ሲል እጄን ሰድጄ አባውት የሚለውን፣ ሶፍትዌሩ ምን እንደሆነና ማን እንደሰራው የሚናገረውን ቦታ፣ ነካሁት። ትንሽ መስኮት ወጣች። ኤክስ ኤፍ ኤል አር 5 ይላል፣ ከስሩ የሰሪው ስም አለ፣ ከዛ በጂ ኤን ዩ ጄኔራል ፐብሊክ ላይሰንስ የሚሰራጭ ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ጆሮዬ ጭው አለ።

«ይሄ እኮ ነፃ ነው የሚለው» አልኩ። ልጁ ዝም አለ። ባለቤቱ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሻይ እያማሰለ ነበር፣ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም፣ «ነፃ ከሆነ ታዲያ እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?» አለኝ። ፕሪንተሩ ጋ ያለችው ልጅ ሳቀች። «የዕድሜ ልክ ላይሰንስ ብለኸን አይደል ወይ 12,000 የከፈልንህ» ስለው «ደረሰኝ አለህ?» አለ። የለኝም። ሲቀበለን «ደረሰኝ ከፈለጋችሁ ቫት ይጨመራል» ብሎን ትተነው ነበር። ከዛ ተነስቶ መጣና ላፕቶፔን በአንድ ጣቱ መስታወቱ ላይ ወደኔ ገፋው፣ ከኋላዬ የቆመውን ሰው እያየ «ቀጣይ!» አለ። በቃ፣ ቀጣይ። የእናቴ በርበሬ ቀጣይ ነው የተባለው።

ዶርም ተመልሼ የሰው ዋይፋይ ለምኜ አየሁት። ኤክስ ኤፍ ኤል አር 5 እንደኛ ላሉ ትንንሽና ዝግ ብለው ለሚበሩ ነገሮች የተሰራ ነው፣ ማንም አውርዶ ይጠቀማል። ውስጡ ያለው የክንፍ ቅርጽ ስሌት ኤክስፎይል የሚባል ፕሮግራም ነው፣ የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ድሬላ በ1986 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሰራው፣ እሱም ነፃ ነው። ናሳ ራሱ ኦፕን ቪ ኤስ ፒ የሚባለውን የአውሮፕላን መቅረጫውን በ2012 ለዓለም በነፃ ለቆታል። ዓለም በነፃ የሰጠንን ነው ኮድ አስሮበት የሸጠልን። ነፃ ሶፍትዌር በብር መሸጥ በራሱ ክልክል አይደለም፣ ላይሰንሱ ይፈቅዳል፣ «ማውረጃና መጫኛ 300 ብር» ቢለኝ አመስግኜ ነበር የምከፍለው። የኔ ነው ብሎ መዋሸት፣ ቁልፍ ማሰር፣ ሦስት ወር ቆጥሮ ደግሞ አምጣ ማለት ግን ስርቆት ነው።

ሪፖርቱንም አሁን ነው በደንብ ያነበብኩት። ገጽ 9 ላይ ክንፉ 2.6 ሜትር፣ ክብደቱ 2.3 ኪሎ ይላል። የኛ አይደለም! የሌላ ሰው አውሮፕላን ነው፣ ሽፋኑ ላይ ስማችንን ቀይሮ ነው የሰጠን። የአየሩን እፍጋት በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ብሎታል፣ ይሄ የባህር ወለል ቁጥር ነው፣ ባህር ዳር እኮ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ወደ 1.03 ነው መሆን ያለበት፣ ማርቆስማ ከፍታዋ ስለሚበልጥ ከዚህም ይቀንሳል። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ግላይደሩ ወደ 9 ፐርሰንት ፈጥኖ መብረር አለበት። የራሳችንን ልክ ማታውኑ አስገብቼ ስሰራው ኒውትራል ፖይንቱ፣ ሲጂው ካለፈው ግላይደሩ መረጋጋቱን የሚያጣበት ነጥብ፣ 88 ሚሊሜትር ላይ መጣ። ሲጂ ከኒውትራል ፖይንት ፊት መሆን አለበት፣ እሱ ያለን 95 ከኋላው ነው። ግራፉን ሳየው፣ ክንፉ ከነፋሱ ጋር ያለው አንግል በጨመረ ቁጥር አፍንጫውን የሚገፋው ሞመንት መውረድ ሲገባው ወደ ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ቀና ካለ የበለጠ ቀና ይላል ማለት ነው። ሜዳው ላይ በአይናችን ያየነው ልክ ይሄን ነው። ሲጂውን 68 ላይ ብናደርገው ስታቲክ ማርጂኑ፣ ማለትም ሲጂው ከኒውትራል ፖይንቱ የሚቀድምበት ርቀት፣ የክንፉ ወርድ 10 ፐርሰንት ይሆን ነበር፣ ይበር ነበር። ያወጣነው ብሎን ባለበት ቢቀመጥ ኖሮ ክንፉ አይሰበርም ነበር።

ከብሩ በላይ የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። ስሙ እኮ በየቀኑ እመስኮቱ አናት ላይ ተጽፎ ነበር። አይከኑ ኤሮ ዲዛይን ፕሮ፣ ሲከፈት ግን ከላይ ኤክስ ኤፍ ኤል አር 5። ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አየሁት፣ አንድ ቀን እንኳን ይሄ ስም ምንድነው ብዬ አልጠየቅኩም። የአምስተኛ ዓመት የሜካኒካል ተማሪ ነኝ፣ ኒውትራል ፖይንት ምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ ተምሬያለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ፣ ሪፖርቱ በከለር ስለታተመ ብቻ ገጽ 9ን ሳልገልጥ ብሎኑን አወጣሁ። ጓደኛዬንም ያለጥፋቱ ተቆጣሁት፣ ማታ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እናቴን ግን ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ አባውት የሚለውን ከፍታችሁ አንብቡ፣ ደረሰኝ ሳትይዙ ብር አትስጡ፣ አናሊሲሱን ደሞ ራሳችሁ ስሩት፣ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። ከእንጅባራም ከማርቆስም ለዚሁ ብላችሁ ወደ ባህር ዳር ብር ይዛችሁ እንዳትመጡ። የኤክስ ኤፍ ኤል አር 5ንም የኦፕን ቪ ኤስ ፒንም መጫኛ ዛሬ ማታ አውርጄዋለሁ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ነገ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ላይብረሪው በር ላይ ነኝ።