ከአዳማ ሐዋሳ ከውሻ ጋር፦ ሃይሩፍ፣ ደብል ጋቢና ወይስ የኤሌክትሪክ መኪና?

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ሦስት ቤተሰብ ሆነን ከአዳማ ተነሳንና የሐይቆቹን ዳር እየተከተልን ሐዋሳ ወርደን ተመለስን። አራት ቀን ፈጀብን። አራት ውሾችም አብረውን ነበሩ። የኛዎቹ ጃክና ቡቺ በሃይሩፋችን፣ የጎረቤታችን ትልቁ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ በደብል ጋቢና ፒክአፕ፣ የእህቴ ትንሿ ውሻ ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና ሄዱ። ከተመለስን ወዲህ መኪና ሊገዙ ወይም ሊከራዩ ያሰቡ ወዳጆቼ የትኛው እንደሚሻል ይጠይቁኛል። ሦስቱንም በአንድ መንገድና በአንድ ፀሐይ ጎን ለጎን ስላየኋቸው፣ ያየሁትን በዝርዝር ልንገራችሁ።

መንገዱ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ በመቂ አድርጎ ባቱ፣ ከዚያ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አልፎ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ። እስከ ባቱ ያለውን በፍጥነት መንገድ መጨረስ ይቻላል። እዚያ ላይ ግን እንደፈለጉ ዳር ይዞ መቆም አይፈቀድም፤ ስለዚህ ውሾቹ ከክፍያ ጣቢያው በፊት ሽንታቸውን መሽናት አለባቸው። ከባቱ በኋላ በነባሩ መንገድ ከብቱ፣ ጋሪውና ባጃጁ ሁሉ አብሮ ይጓዛል። ከመኪና ኋላ የሚጎተተውን የመኝታ ካራቫን የሚያስቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኛ ገበያ ላይ ማግኘቱ ራሱ ከባድ ነው፤ ቢገኝም በዚያ መንገድ እንዲህ ያለ ተጎታች ይዞ መሄድን አልመክርም።

መኪናው እየሄደ ሳለ ሦስቱም ለውሻ ይመቻሉ። መስኮት ይከፈታል ወይም ኤሲ ይበራል፣ ውሻውም ይተኛል። ልዩነቱ የታየኝ ባቱ ላይ ለምሳ ስንቆም ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት።

ቆሞ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ብዙ ሰው እንደሚገምተው ቀስ ብሎ አይደለም የሚጨምረው። በፀሐይ የቆመ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሚጨምር፣ ከዚህም አብዛኛው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደሚሆን በሙከራ ታይቷል። መስኮቱን ጣት በሚያስገባ ልክ ዝቅ ማድረግ እምብዛም ለውጥ አያመጣም። ውጭው 28 ዲግሪ ከሆነ ውስጡ 50 ደረሰ ማለት ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልበውም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የሰውነቱ ሙቀት በጤናው ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ውሻ ያለው ሰው መኪና ሲመርጥ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው "ስቆም ውሻዬ የት ይሆናል?" የሚለውን ነው እላለሁ። ስለ ፈረስ ጉልበቱና ስለ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ሃይሩፉ ባቱ ላይ ሥራውን አሳየን። የጎኑን ተንሸራታች በር ከፈትን፣ የኋላውን በር ወደ ላይ አነሳን፣ ነፋሱ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ። መጋረጃውን በፀሐይዋ በኩል ጋረድን። ልጃችን ከውሾቹ ጋር ጥላው ውስጥ ተቀመጠ፤ እኛ ዓሣችንን በልተን ተራ ተቀያየርን። ጃክ ወለሉ ላይ ሆዱን ዘርግቶ እንቅልፍ ወሰደው። ወንበር ያልሞላው ወለል ይህን ያህል ይጠቅማል።

ጎረቤታችን ውሻውን ይዞ ወጣ። የፒክአፑ ጋቢና ጠባብ ነው፤ አራቱንም በር ከፍቶ መቀመጥ ቢቻልም ትልቅ ውሻ የኋላ ወንበር ላይ ለረጅም ሰዓት አይመቸውም። ከጭነቱ ጠርዝ ሸራ ወጥሮ ግራር ሥር አስተኛው። ጥላ ባለበት ቦታ ሁሉ ይህ ጥሩ መላ ነው፤ ጥላ በሌለበት ግን ችግር ነው።

የእህቴ መኪና ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ሳይነሳ፣ ጭስና ድምፅ ሳይኖር ኤሲው ሊሠራ ይችላል። በሮቹን ቆልፋ፣ ኤሲውን አብርታ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ተቀመጠች። በመጀመሪያ በጣም ቀናሁባት። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ግን ኤሲው በራሱ ጊዜ ጠፋ። ዓይኗን ከመኪናው ባትነቅል ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እስካሁን ሳስበው ልቤ ይርዳል። ብዙዎቹ ወደኛ የሚመጡት ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ስክሪናቸው በቻይንኛ ነው፣ አንዳንዱ ቅንብር የት እንዳለ ማግኘትም ያስቸግራል። ሻጩ "ኤሲው ቆሞም ይሠራል" ቢላችሁ ለስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ቁጭ ብላችሁ ሰዓት ያዙ።

ውሻውን ከፒክአፑ ኋላ፣ ጭነቱ ላይ አስሮ መሄድስ? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ መልሴም አይሆንም ነው። ላሜራው በፀሐይ ይግላል፣ መዳፉን ያቃጥለዋል። ፍሬን ሲያዝ ይወድቃል፤ ከአንገቱ ታስሮ ከዘለለ ደግሞ ይታነቃል። ጎረቤታችን ያደረገው ትክክል ነው፤ ደረት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ገዝቶ ከኋላ ወንበሩ የደህንነት ቀበቶ ጋር አያያዘው። ይህን ካደረጋችሁ ግን ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ አስቡ። አምስት ሰው የሚይዘው ደብል ጋቢና ከትልቅ ውሻ ጋር የሦስት ሰው መኪና ነው።

ሌሊቱ ሌላው ትልቅ ፈተና ነው። ያደርነው ላንጋኖ ዳር ነበር። ላንጋኖ አካባቢ ጅብ አለ፤ ጅብ ደግሞ ውሻ እንደሚበላ ልነግራችሁ አይገባም። ስለዚህ ውሻን ከድንኳን ውጭ አስሮ ማደር አይታሰብም። ድንኳን ውስጥ ማስገባትም ቢሆን ጨርቅ ብቻ ነው የሚጋርደው። ሃይሩፉ ውስጥ በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ሁለት አዋቂና አንድ ልጅ ተኛን፤ ውሾቹ በተንሸራታቹ በር በኩል ወለሉ ላይ። ረጅሙ ሃይሩፍ ከጫፍ እስከ ጫፉ 5 ሜትር ከ38 ሳንቲም ነው፤ ከፊት ወንበሮቹ በስተኋላ ለአልጋ የሚበቃ ቦታ ይተርፋል። እኩለ ሌሊት ላይ ጅቡ ሲጮህ ጃክ ጸጉሩ ቆሞ ተነሳ፣ ቡቺ እግሬ ሥር ገባች። እጄን ጀርባቸው ላይ አድርጌ በብረት ግድግዳ ውስጥ መሆናችንን ሳስብ ያወጣነው ገንዘብ ሁሉ አላሳዘነኝም።

የደብል ጋቢና የጭነት ቦታ ርዝመቱ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ አዋቂ ሰው እግሩን ዘርግቶ አይተኛበትም። ጎረቤታችን መሬት ላይ ድንኳን ተከለ፣ ውሻው ጋቢናው ውስጥ መስኮቱ ትንሽ ተከፍቶለት አደረ። ላንጋኖ ሌሊት ይቀዘቅዛልና ሙቀቱ አላስቸገረውም፤ ጌታውን ፍለጋ ሲያላዝን ግን ማናችንም አልተኛንም። ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ለመግዛት ያሰባችሁም፣ ውሻ መሰላል እንደማይወጣ ልብ በሉ። በየትኛውም ሐይቅ ብትሆኑ ደግሞ ድንኳን ውኃው አፋፍ ላይ አትትከሉ፤ ባቱና ሐዋሳ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል።

በኤሌክትሪክ መኪና የሚሄድ ሰው ሎጅ ወይም ሆቴል ያስፈልገዋል። እህቴ ከመነሳታችን በፊት ስድስት ቦታ ደወለች፤ ውሻ የተቀበላት አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም "ክፍል ውስጥ ባትገባ" በሚል ነበር። ትንሿ ውሻ በመጨረሻ ከኛ ጋር ሃይሩፉ ውስጥ አደረች። ሳትደውሉ አትሂዱ።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው። ደህና ይዞታ ያለው ደብል ጋቢና ከሦስቱ ኪስ የሚጎዳው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ፊት ለፊት ቆሞ የሚታይ ምርጫ ሆኗል፤ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ከነዳጅ የሚተርፈው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ነገር ግን 225 ኪሎ ሜትሩን ሜዳ አድርጋችሁ አታስቡ። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,585 ሜትር ላይ ነው፣ አርሲ ነጌሌ ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ዳገቱ፣ ኤሲውና ጭነቱ ተደምረው ባትሪውን ይበሉታል። ሐዋሳ ስትደርሱ የት እንደምትሞሉ ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ። ሃይሩፉን የማያውቅ መካኒክ የለም፤ ዕቃው መቂም ሻሸመኔም ይገኛል፣ ልሽጠው ብትሉም ገዢ አያጣም። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ፦ ብዙዎቹ ኮድ 3 (የንግድ ሰሌዳ) ስለሆኑ ኢንሹራንሱ ለቤተሰብ ጉዞ እንደሚሸፍን ጠይቁ፤ ወንበር ከማስነቀላችሁ በፊትም መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ። በሊብሬው ላይ ያለው የወንበር ብዛትና መኪናው ካልተመሳሰሉ ቦሎ ስታሳድሱ ሊያጠያይቅ ይችላል።

መግዛት የማይፈልግ ሰው ሃይሩፍ ኮንትራት ይዞ መሄድ ይችላል፤ እኛም የመጀመሪያ ጊዜ እንዲያ ነበር ያደረግነው። የሠራነው ስሕተት ስለ ውሾቹ አስቀድመን አለመናገራችን ነው። ሹፌሩ በጠዋት ቤታችን በር ላይ ቆሞ ጃክን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ጋሼ፣ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ሌላ ሰው እፈልግላችሁ ነበር፤ እኔ በዚሁ ልብስ ነው የምሰግደው" አለኝ በትሕትና። ትክክል ነበር፤ የውሻ ምራቅ ለሱ ቀላል ነገር አይደለም። ይቅርታ ጠይቀን የዚያን ቀን ከፈልነው፣ ጉዞው በማግስቱ በሌላ መኪና ሆነ። ስትከራዩ የውሾቹን ቁጥርና መጠን በመጀመሪያው ስልክ ተናገሩ፤ የወንበር ልብስና የእጥበት ዋጋ የማን እንደሆነም ተስማሙ።

የትኛውንም መኪና ብትመርጡ ሐይቆቹ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ እወቁ። ቆቃ ላይ ውሻችሁ ውኃ እንዳይጠጣ። ውኃው ላይ አረንጓዴ ቀለም መስሎ የሚንሳፈፈው አልጌ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ዓይነት ነው፤ ውሻ ደግሞ ጠጥቶም ጸጉሩን ልሶም ይመረዛል። የመጠጥ ውኃ በጀሪካን ከቤት ያዙ። ለመዋኘት የምመርጠው ላንጋኖን ነው፤ ውኃው ቡናማ ቢሆንም። አቢጃታና ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆኑ ከውሻ ጋር አንገባም። ሐዋሳ ስትደርሱ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ በገመድ ይዛችሁ በሐይቁ ዳር አዟዙሯቸው። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አካባቢ ግን ተጠንቀቁ፤ መሬቱ ላይ የዓሣ አጥንትና መንጠቆ ይኖራል፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍም ቅርብ ነው። ቡቺ የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት ነጥቃ ስትሮጥ ከአፏ ለማስጣል ሦስት ሰው ነው የተራወጠው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀትም መኪናው ውስጥ ይኑር። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ከሻሸመኔ ወደ ባሌ ልታጥፉ ካሰባችሁ ግን ውሾቹን እቤት ተዉአቸው። በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ከአንድ ጊዜ በላይ በጅምላ ፈጅቶታል፤ ከነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 የደረሰው ነው። የኔ ውሻ ተከትቧል ብዬ እንኳ እዚያ አልወስደውም።

ለኔ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ውሻ ላለው ቤተሰብ ሃይሩፍ ነው። አንድ ትልቅ ውሻ ኖሮት ሥራውም ገጠር ለገጠር ለሆነ ሰው ደብል ጋቢና ይጠቅመዋል፤ ለሐይቅ ጉዞ ብሎ ብቻ ግን አይግዛው። አንድ ትንሽ ውሻ ያላት፣ በከተማ የምትነዳና በዓመት አንዴ ሐዋሳ የምትወርድ እንደ እህቴ ያለች ሰው በኤሌክትሪኩ አትከፋም፤ ማደሪያዋን አስቀድማ ካገኘች።

መኪና ልታዩ ስትሄዱ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ውሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በጠዋት ሳይሆን በሰባት ሰዓት። በሩን ክፈቱለትና ራሱ ይግባ። ዘሎ መግባት ካቃተው ዕድሜው ሲገፋ ይብስበታል። ከዚያ በሮቹን ሁሉ ከፍታችሁ አብራችሁት አሥር ደቂቃ ተቀመጡ፤ ምላሱን አይታችሁ ወስኑ።