የካርቶኑ ዋት እና የስፒከሩ ዴሲቤል፦ ጅማ የገዛሁት ሆም ቴአትር

ሂርማታ አካባቢ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ሆም ቴአትር ከገዛሁ አምስት ወር ሆኖኛል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1200 ዋት ፒኤምፒኦ» (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባል የማስታወቂያ ቁጥር) ተጽፏል፤ ሻጩም ይህንኑ ቁጥር ደጋግሞ ከመጥራት በቀር ስለ ስፒከሮቹ አንዳች አልነገረኝም። ቤት ገብቼ አምፕሊፋየሩን ሳዞረው ግን ከኋላው የተለጠፈችው ወረቀት ከሶኬት የሚወስደው ኃይል 120 ዋት ብቻ መሆኑን ትናገራለች። የሚታመነው የአርኤምኤስ ቁጥር፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ሲሆን፣ እሱም መመሪያው ላይ ለአንድ ቻናል (ለአንድ ስፒከር መውጫ) 15 ዋት ተብሎ ሰፍሯል።

15 ዋት በራሱ ነውር የለበትም። ችግሩ አብረውት የመጡት ስፒከሮች ሴንሲቲቪቲ 84 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) መሆኑ ነው፤ ማለትም አንድ ዋት ሲሰጣቸው አንድ ሜትር ላይ የሚያሰሙት ድምፅ ይህን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለሚፈለገው ለእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፣ አምፕሊፋየሩ አቅሙ ያልቅና ድምፁ ይሰነጠቃል፤ እንዲህ ያለው የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር) ያቃጥላል።

መደብሩ ስፒከሮቹን ለመቀየር ፈቃደኛ አልሆነም። መፍትሔ ያገኘሁት ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጥ ጠጋኝ ዘንድ ነው፤ አምፕሊፋየሬን ይዤ ሄጄ በራሴው ዕቃ እንዳዳምጥ ፈቀደልኝ፣ ይህ ብቻውን ምስጋና ይገባዋል። በመጀመሪያ ያሳየኝ 89 ዴሲቤል የተጻፈበት ባለ 4 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው የመቋቋም መጠን) ጥንድ ነበር፤ ነገር ግን የተለካው በ2.83 ቮልት ስለሆነ በ4 ኦም ላይ የሚወስደው ሁለት ዋት ነው፣ በአንድ ዋት ቢለካ 86 ይሆናል። የእኔ አምፕሊፋየር ደግሞ ከ6 ኦም በታች አይፈቅድም። ስለዚህ 91 ዴሲቤል የሆነውን ባለ 8 ኦም ጥንድ መረጥኩ። የ7 ዴሲቤሉ ልዩነት ኃይልን በአምስት እንደማባዛት ነውና ያው 15 ዋት አሁን የቀድሞዎቹ 75 ዋት ይፈልጉበት የነበረውን ድምፅ ያወጣል። ሁለቱንም በጅማ በርጩማ ላይ አቁሜያቸዋለሁ፤ ትዊተሩ ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከላል።

የቀረው የመሃሉ ስፒከር ነው። አሁንም የድሮው ባለ 84 በመሆኑ የተዋንያኑ ንግግር በሙዚቃው ይዋጥ ነበር፤ በሜኑ ገብቼ ከፊት ያቆምኳቸውን ሁለቱን 7 ዴሲቤል ዝቅ በማድረግ አመጣጥኜዋለሁ፣ በዚህም ከጨመርኩት አቅም አብዛኛው ለፊልም ሳይሆን ለሙዚቃ ብቻ ይውላል። ጠጋኙ ተመሳሳይ ሦስተኛ ስፒከር ሲገኝ ሊደውልልኝ ቃል ገብቷል።